ዱባይ ያሉ የእንግሊዝ ምግብ ቤቶች፦ አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ለምን ያማርራል?

ሰሚራ_ዴይራ
ሰላም ለሁላችሁ። ማሪና፣ ባርሻና ጁሜይራ አካባቢ ስላሉ የእንግሊዝ ፐቦች (መጠጥም ምግብም የሚሸጡ ቤቶች) እና የዓሣ ቤቶች የተጻፈውን አስተያየት ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። ስለ አንዱ ቤት አንድ እንግሊዛዊ አገሩ የገባ እስኪመስለው ያመሰግናል፤ በሳምንቱ ያገሩ ልጅ ገንዘቤ ይመለስልኝ ይላል። የኛዎቹ ደግሞ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ድርሃም?» ባዮች ናቸው። የመሥሪያ ቤት ግብዣ ሲመጣ ከነዚህ ቤቶች ማምለጥ አይቻልም። ኩሽና የምትሠሩም የምታስተናግዱም እስቲ አስረዱን፦ ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ሰው በስንት ሰዓት ሄዶ፣ ምን ጠይቆ፣ ምን ቢያዝ ነው የማይቆጨው? የጾሙንና የአሳማውንም ነገር ንገሩን።

ፍራየር_ሹም
ሰሚራ፣ ከዓሣና ቺፕስ ልጀምርልሽ፤ አብዛኛው ስሞታ እዚያ ላይ ነው።

ወግ ያለው ቤት ኮድ ወይም ሃዶክ ያቀርባል። ሁለቱም ስብ የሌላቸው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች ናቸው፤ ሲበስሉ ነጭ ሆነው በትልልቁ ንብርብር ንብርብር እያሉ ይላቀቃሉ። እዚህ በረዶ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ይህ ነውር አይደለም። መርከብ ላይ በተያዘ በሰዓታት ውስጥ የቀዘቀዘ ኮድ፣ ቀናት ሲንገላታ ከከረመ «ትኩስ» ዓሣ ይሻላል። ጥርጣሬ የሚገባው የምግብ ዝርዝሩ የዓሣውን ስም ሳይጠራ «ዓሣና ቺፕስ» ብሎ ሲያልፍ ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ ፓንጋሲየስ ነው፤ ባሳ የሚሉት፣ ቬትናም በኩሬ የሚረባው ርካሽ ዓሣ። ሥጋው ውሃ ይበዛበታል፤ ሲጠበስ እንፋሎቱ ሽፋኑን ከውስጥ ያረጥበዋል። ሐሙር ካሉሽ ጥሩ የባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነው፤ ሥጋው ጠጣር ስለሆነ ግን ኮድ የለመደ ሰው ያኮርፋል።

ሊጡ ለአራት ሰው 200 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ወደ 280 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ነው። የመጠጥ ፈቃድ የሌለው ቤት አልኮል አልባ ቢራ ወይም ጋዝ ያለው ውሃ ይጠቀማል፤ ሥራውን የሚሠሩት ጋዙና ቅዝቃዜው ስለሆኑ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሊጡ ብዙ ከተመታ ሽፋኑ ወፍራምና ለጥርስ የሚያስቸግር ይሆናል። ጠዋት ተበጥብጦ ማታ ድረስ የቆየ ሊጥ ጋዙ ያልቅና ዘይት ይጠጣል። ዓሣው ውሃው ተጠርጎ ደረቅ ዱቄት ካልተነሰነሰበት ደግሞ ሽፋኑ በመጀመሪያው ቁራሽ እንደ ጓንት ይወልቃል።

ዘይቱ 180 ዲግሪ፣ ለ180 ግራም ቁራጭ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ። ለአንድ ኪሎ ምግብ ቢያንስ 6 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ማታ ትእዛዝ ሲደራረብ ይህ ሕግ ይጣሳል፤ ዓሣው ሁሉ አንዴ ይገባል፣ ሙቀቱ ወደ 150 ይወርዳል፣ ሽፋኑ ቶሎ አይዘጋም፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ያው ሼፍ፣ ያው ዓሣ፣ ያው ሊጥ። ማክሰኞ በምሳ የበላ ያመሰግናል፤ ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት የበላ ይሳደባል።

ያረጀ ዘይት በሦስት ነገር ይታወቃል፦ ሽፋኑ ጠቁሮ ዓሣው መሐሉ ጥሬ ሲሆን፣ ቺፕሱ ዓሣ ዓሣ ሲል፣ ከበሉ በኋላ ምላስ ላይ የሚለጠፍ ምሬት ሲቀር። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የተበላሸው ክፍል 25 በመቶ ገደማ ሲደርስ ዘይቱ ይደፋል፤ የሚለካበት ትንሽ መሣሪያም አለ። በየቀኑ የሚያጠልሉና በዓይናቸው ብቻ የሚፈርዱ ቤቶች ግን አንድ አይደሉም።

ናትናኤል_አልቁሶር
ሹም ቺፕሱን ረሳኸው።

ፍራየር_ሹም
አልረሳሁትም፣ ለብቻው ላመጣው ነው። የእንግሊዝ ቺፕስ ወፍራም ነው፤ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር። ዱቄት የሚል ድንች ይፈልጋል፤ እነሱ ከ1966 ጀምሮ ያለውን ማሪስ ፓይፐርን ይመርጣሉ። ተቆርጦ ታጥቦ ደርቆ መጀመሪያ 130 ወይም 140 ዲግሪ ላይ ቀለም ሳይዝ ይበስላል፤ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ሲታዘዝ 185 ላይ ሦስት ደቂቃ። እዚህ የሚገኘው ድንች ውሃማ ሲሆን ይለሰልሳል እንጂ አይፈረፈርም። ድንች ከ6 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ ደግሞ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ቺፕሱ ሳይበስል ይጠቁራል። «የተቃጠለ ቺፕስ» ተብሎ የሚጻፈው ስሞታ አብዛኛው ከፍሪጅ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ተቆርጦ በረዶ የሆነውን ይገዛል። ጎበዝ ቤት እንኳ ቢገዛ አልፈርድበትም፤ ጣዕሙ መካከለኛ ነው ግን ዛሬም ነገም ያው ነው።

ሙሉጌታ_ለንደን
ጥሩ ተብሏል፤ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞቹ ራሳቸው እርስ በርስ የማይስማሙት «የእንግሊዝ ዓሣ» የሚባል አንድ ነገር ስለሌለ ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ያደገ ሰው ቆዳው ተገፎ በበሬ ሞራ የተጠበሰ ሃዶክ ነው የሚጠብቀው። ለንደኑ በአትክልት ዘይት የተጠበሰ ኮድ ይበቃዋል። ሰሜኖቹ ቺፕሱ ላይ ግሬቪ የሚሉትን ወፍራም የሥጋ መረቅ ወይም የካሪ ሶስ ያፈሳሉ፤ ደቡቡ ይህን ሲያይ ይገረማል። ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ላይ ጨውና ቡናማ ሶስ ነው፤ እዚያው አገር ግላስጎው ጨውና አቼቶ ይላል። ዱባይ ያለ ቤት ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ሳህን መልስ መስጠት አይችልም። አስተያየት ስታነቡ የጸሐፊው አገር ከተጻፈ ልብ በሉት፤ የሊድሱ (የዮርክሻየር ከተማ ነው) ሰው «ጣዕም የለውም» ካለ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሞራው ነው።

አቼቶውም ጉዳይ ነው። የብቅል አቼቶ ከገብስ ይሠራል፤ ቡናማ ነው፣ ጣዕሙም የሚያጣፍጥ ነገር አለው። ነጩን የእጥበት አቼቶ ያመጣ ቤት ምግቡን ያበላሸዋል። እዚህ ለንደንም በየዓሣ ቤቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብዙው ከአሴቲክ አሲድ፣ ከውሃና ከማቅለሚያ የተሠራ ነውና ኦርጅናሉን ያገኘ ይደሰት።

ቤቲ_ሳቱዋ
እሺ ይሁን፣ ግን ምግቡ ራሱ አልጫ ነው። ድንች፣ ሥጋ፣ ካሮት፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ። ይህን የሚከላከልልኝ አለ?

ሙሉጌታ_ለንደን
ቤቲ እህቴ፣ ሳህኑ ያላለቀ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ጨውና አቼቶ፣ የበሬ ሥጋ ከሆነ ሆርስራዲሽ የሚባለው የሚያቃጥል ሥርና የእንግሊዝ ሰናፍጭ፣ በግ ከሆነ በአቼቶ የተከተፈ ናና፣ አሳማ ከሆነ የፖም ሶስ፤ እነዚህ ጠረጴዛ ላይ ሊኖሩ ይገባል። እናንተ ጋ ዱባይ ያሉ አስተናጋጆች ብዙዎቹ ከሌላ አገር ስለሆኑ ካልተጠየቁ ኬቻፕ ብቻ አምጥተው ይሄዳሉ። በስሙ ጥሪና አስመጪ።

በተለይ ሰናፍጩ። ዱቄቱ (ኮልማን ከ1814 ጀምሮ ይሸጠዋል) በቀዝቃዛ ውሃ እኩል በእኩል ይበጠበጥና 10 ደቂቃ ይቀመጣል። ማቃጠሉን የሚፈጥረው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል፣ የፈላ ውሃ ካገኘ ይሞታል። አቼቶም መጀመሪያውኑ ከገባ ያዳክመዋል። እናቶቻችን ለጾም ሰናፍጭ ሲያዘጋጁ ይህንን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል። አፍንጫ ድረስ ካልወጣ ወይ ከርሟል ወይ የፈረንሳዩን ለስላሳ ነው ያመጡልሽ።

ቤቲ_ሳቱዋ
ሰናፍጭ ካለ እንነጋገራለን።

ግሪል_ማን_ኤርሚ
የእሑድ ሮስት፣ በምድጃ የሚጠበሰው ትልቅ ሥጋ ላይ ልናገር። ከ2022 ጥር በፊት እዚህ የሳምንቱ እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለነበረ ብዙ ቤት ሮስቱን ዓርብ ያቀርብ ነበር። አሁን እረፍቱ ቅዳሜና እሑድ ሆኗል፤ አንዳንዱ ግን ዓርብም እሑድም ያወጣል። ጠይቁ፤ ምክንያቱም በአንዱ ቀን ትኩስ የተጠበሰው በሌላው ቀን ተቆርጦ በግሬቪ የሞቀ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ኪሎ የበሬ ሥጋ መጀመሪያ 230 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 160 ላይ መሐሉ 50 ወይም 52 እስኪደርስ ይጠበሳል። ይወጣና ግማሽ ሰዓት ያርፋል፤ በዚያ ውስጥ ራሱ ወደ 56 ይወጣል፣ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ሥጋው በሙቅ ማቆያ መቀመጥ አለበት፤ የእንግሊዝ ደንብ 63 ዲግሪ ይላል። 63 ላይ የተቀመጠ ሥጋ ሮዝ ሆኖ ሊቆይ አይችልም፤ ይገረጣል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ሮስት የምሳ ምግብ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ግቡ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሄዶ «ደረቅ ነው» ማለት ሼፉን መበደል ነው፤ ማታ ድረስ የሚሸጠው ባለቤትም አለ፣ እሱንም መውቀስ ይገባል።

የኛ ሰው «ደሙ አልወጣለትም» ብሎ የሚመልሰው ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም፤ የጡንቻ ቀለም ነው፣ ማዮግሎቢን። ክትፎ ለብ ለብ የሚበላ ሰው ሊያስፈራው አይገባም። ካልወደዳችሁት ከጥግ የተቆረጠውን ጠይቁ፤ እሱ የበሰለ ነው። ሙሉው ተመልሶ ምድጃ ከገባ ጫማ ይሆናል።

ዮርክሻየር ፑዲንጉ፣ ከሮስቱ ጋር የሚቀርበው በምድጃ ኩፍ የሚል ሊጥ፣ የቤቱ ሚዛን ነው። እንቁላል፣ ዱቄትና ወተት በመጠን እኩል በእኩል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ የጋለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ፣ 220 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ በሩ ሳይከፈት። በሩ ከተከፈተ ወይም ዘይቱ ካልጋለ ይተኛል። የብሪታንያ የኬሚስትሪ ማኅበር በ2008 ቁመቱ ከአራት ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ዮርክሻየር አይባልም ብሏል። ሳህኑ ላይ ያለው ጠንካራና ፍጹም ክብ ከሆነ ከካርቶን የወጣ በረዶ ነው፤ ያን ቤት በሌላውም ነገር ጠርጥሩት።

ጾመኛ_በሻርጃ
ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ እንዳይከፈት፤ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቺፕስና አተር ብቻ ብናዝ በርግጥ የጾም ነው?

ፍራየር_ሹም
ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ መጥበሻው ዘይት ነው ወይስ የበሬ ሞራ? «ባህላዊ» ብለው በኩራት የጻፉ ቤቶች ሞራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቺፕሱና ዶሮው አንድ ዘይት ውስጥ ይገባሉ? አንድ የዘይት መጥበሻ ብቻ ያለው ትንሽ ቤት መልሱ አዎ ነው። ሦስተኛ፣ አተሩ ላይ ቅቤ ይጨመራል?

የተፈጨው አረንጓዴ አተር በመሠረቱ የጾም ነው። ማሮውፋት የሚባል ትልቅ ደረቅ አተር በፈላ ውሃ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ያድራል፤ ለ250 ግራም አንድ የሾርባ ማንኪያ። ጠዋት በደንብ ታጥቦ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀላል። ሶዳው ልጣጩን ያለሰልሳል፣ ቀለሙን ይጠብቃል። ካልታጠበ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ያ ጣዕም ከመጣ መልሱት።

የቆርቆሮ ባቄላውና ቡናማው ሶስ ችግር የለባቸውም፤ ሶሱ ቲማቲም፣ ተምርና አቼቶ ነው። ዉስተርሻየር ሶስ ግን ከ1837 ጀምሮ ሲሸጥ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት፤ ሾርባም ሥጋ ወጥም ላይ ይጨምሩታል። እንጉዳዩን በቅቤ ይጠብሱታል፤ ቶስቱም ተቀብቶ ይመጣል፣ «ያለ ቅቤ» በሉ። የአትክልት ሾርባ የዶሮ መረቅ ሊኖረው ይችላል።

ሐያት_ካራማ
የአሳማውን እኔ ልመልስ፤ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ስለሚጠቅም። ዱባይ አሳማ ለማቅረብ ፈቃድና የተለየ ማዘጋጃ ቦታ ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ላይም ምልክት ይደረግበታል። መጠጥ ያለበትም ምግብ እንደዚሁ። ፈቃድ የሌለው ቤት ቤከኑን ከበሬ ወይም ከተርኪ ያደርገዋል፤ እንግሊዞቹ ቁርሱን የሚያማርሩት በዚህ ነው። የነሱ ቤከን ከወገብ የሚቆረጥ ሰፊ ሥጋ ነው፣ የበሬው ቀጭንና ደረቅ ጨው ይሆናል። ቋሊማቸውም አገራቸው ውስጥ «የአሳማ» ለመባል 42 በመቶ ሥጋ ይበቃዋል፤ የቀረው ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ አለበት። ልስላሴው ከዚያ ነው። ሙሉ የበሬ ሥጋ ቋሊማ የተሻለ ሥጋ ሆኖም አይመስላቸውም።

ስሙ ሳይናገር አሳማ የሆነውን እወቁ። ጋመን አሳማ ነው። ስኮች ኤግ እንቁላል በአሳማ ሥጋ ተጠቅልሎ ነው። ብላክ ፑዲንግ ደም ነው፣ ስሙ ኬክ ቢመስልም። «ቶድ ኢን ዘ ሆል» በዮርክሻየር ሊጥ ውስጥ የተጋገረ ቋሊማ ነው። የፓይ ሊጥ በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል። ጣፋጭ ላይ ደግሞ ትራይፍል ሼሪ የሚባል ወይንና ጀላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ሊኖርበት ይችላል። ስቲኪ ቶፊ ፑዲንግ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ በፈላ ውሃና በሶዳ የራሰ ተምር፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳር። ተምሩ እዚህ ጥሩ ስለሆነ አንዳንድ ቤት ከለንደኑ ይበልጣል ብል አላፍርም።

ናትናኤል_አልቁሶር
ሂሳቡን እኔ ልጨምር፤ ግማሹ ኩርፊያ ከቢል ይነሳል። ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ሆቴል ውስጥ ያለ ቤት በዚያ ላይ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤትና 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራል። የዝርዝሩ ግርጌ ላይ «ሁሉን ያካተተ» ካላለ የ100 ድርሃሙ ምግብ 122 ገደማ ይገባል። የአገልግሎቱ 10 በመቶ ሁልጊዜ ለአስተናጋጁ አይደርስም፤ ጉርሻ ልትሰጡ ከፈለጋችሁ በእጅ በጥሬው ስጡ።

ሌላው፣ እንግሊዝ አገር ፐብ ውስጥ ሰው ራሱ ባንኮኒ ሄዶ አዝዞ ከፍሎ ይቀመጣል። እዚህ በጠረጴዛ ነው። አዲስ የመጣ እንግሊዛዊ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠብቃል፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛው ጋ ይፈልገዋል፣ ሁለቱም ይናደዳሉ። ዕድሜያቸው ከ21 በታች ከሆኑ ልጆች ጋር የምትሄዱ ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ባር የሆነው ክፍል አያስገባቸውም። ሻርጃ መጠጥ ስለሌለ ፐብ አትፈልጉ፤ ዓሣና ቺፕስ ቤት ግን ይገኛል።

ሐያት_ካራማ
ሻዩንም አንርሳ። ሙቅ ውሃ በኩባያ፣ ከረጢቱ በሳህን ላይ ለብቻው ከመጣ አልቆለታል። ጥቁር ሻይ የፈላ ውሃ ላይ ሊፈስበትና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል፤ 80 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ቀለሙ ይወጣል ጣዕሙ አይወጣም። ማንቆርቆሪያውን «ከነከረጢቱ» ብላችሁ እዘዙ። ከስኮን ጋር የሚመጣው ክሬም 55 በመቶ ስብ ያለው የኮርንዎል ክሎትድ ክሬም መሆን ነበረበት። ብዙ ቤት የተመታ ክሬም ያመጣል፤ ብልጦቹ ቂሽጣ የሚባለውን የዓረብ ክሬም ይተካሉ፣ እሱ በጣም ይቀርባል።

ሰሚራ_ዴይራ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ቅዳሜ ማታ ለ12 ሰው ግብዣ አለ። ቀኑን መቀየር አይቻልም። ምን ይሁን?

ፍራየር_ሹም
12 ዓሣ አንዴ እንዳታዝዙ። መካከለኛ ኩሽና ሁለት ቅርጫት ነው ያለው፤ በአንዱ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓሣ። ሁሉም አንድ ላይ ይምጣ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ ማሞቂያ መብራት ሥር ቆመው ይረጥባሉ። አራት ሰው ዓሣ ይዘዝ፤ ከ1 ሰዓት በፊት ትእዛዙ ይግባ። የቀሩት በትሪ ተጋግሮ የሚቆይ ነገር ይውሰዱ፦ የበግ ሥጋ ከድንች በታች ያለው ሸፐርድስ ፓይ፣ በበሬ ሲሆን ኮቴጅ ፓይ ይሉታል። እነዚህ ሰዓት አያበላሻቸውም፤ እንዲያውም በማግስቱ ይጥማሉ። ቅመም የሚፈልጉ ካሉ ዶሮ ቲካ ማሳላ ይኖራል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሮቢን ኩክ በ2001 እውነተኛው የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብሎታልና ማንም አይስቅባችሁም።

ግሪል_ማን_ኤርሚ
ፓይ ስታዝዙ ከላይ ብቻ ሊጥ ያለው ነው ወይስ ዙሪያውን የተሸፈነ ብላችሁ ጠይቁ። ከላይ ብቻ ከሆነ ወጥ ላይ የተቀመጠ ክዳን ነው፤ በአንድ ዋጋ ሲያቀርቡት እንግሊዞቹ ሲጣሉ ታያላችሁ። ስቴክና ኩላሊት ካለበት ደግሞ ለቤቲ ንገሯት፣ ኩላሊቱ ሽታ አለው።

ቤቲ_ሳቱዋ
እኔ ዱለት የምበላ ሰው ነኝ፣ ኩላሊት አያስፈራኝም። ሰናፍጩን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ያዙልኝ።